ከዳገቱ ወደ ደረቁ ጓሮ፦ በበጋ የማይጠወልጉት የደቡብ ወሎ ቁጥቋጦዎች

በመካነ ሰላም ከተማና በዙሪያዋ ባሉ የገጠር ቀበሌዎች መስከረም ሲያልቅ ዝናቡም አብሮ ይሰናበታል። ከጥቅምት ጀምሮ ሰማዩ ጠርቶ ፀሐይ ቀኑን ሙሉ ታቃጥላለች፤ ሌሊት ደግሞ ውርጭ ይወርዳል። የበልጉ ዝናብ ከመጣ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ አፈሩን ጥቂት ያረሰርሰዋል፤ ከቀረ ግን መሬቱ እስከ ሰኔ ድረስ ጠብታ ሳያገኝ ይቆያል። በክረምት በጉጉት የተተከለው አበባና የአጥር ተክል የሚደርቀው በዚህ ጊዜ ነው። የግቢው ባለቤት ወይ ውኃ በጀሪካን እያስቀዳ ያጠጣል፤ ወይ ተስፋ ቆርጦ ይተወዋል።

በዚሁ ወቅት ከከተማዋ ወጥቶ ወደ አባይ ሸለቆ በሚወርዱት ተዳፋት ቦታዎች ላይ የቆመ ሰው ሌላ ነገር ያያል። ሣሩ ገርጥቷል፤ አዝመራው ታጭዶ ገብቷል፤ ድንጋዩ በፀሐይ ግሏል። ከድንጋዩ መካከል ግን ክትክታው፣ አጋሙ፣ ደደሆውና ወይራው በክረምት እንደነበሩ ለምለም ናቸው። ማንም አላጠጣቸውም፤ ማንም አልኮተኮተላቸውም። ታዲያ እነዚህ ቁጥቋጦዎች ስለምን በየጓሯችን አይታዩም? የሞከሩ ሰዎችስ ስለምን ሳይሳካላቸው ቀረ?

መልሱን ለማግኘት በመጀመሪያ እነዚህ ተክሎች ድርቅን በምን መንገድ እንደሚቋቋሙ መረዳት ያስፈልጋል። ተክል ከሥሩ የሳበውን ውኃ በአብዛኛው የሚያጣው በቅጠሉ ላይ ባሉ እጅግ ጥቃቅን ቀዳዳዎች በኩል በሚወጣ ትነት ነው። ቅጠሉ ሰፊና ስስ በሆነ ቁጥር ትነቱ ይበረታል። እንደ ኮርች ያሉ ዛፎች ይህን ኪሳራ የሚያስቀሩት በበጋ ቅጠላቸውን በማርገፍ ነው። ዓመቱን ሙሉ ለምለም ሆነው የሚቆዩት ቁጥቋጦዎች ደግሞ ቅጠሉን ሳይጥሉ ውኃውን የሚቆጥቡበት የየራሳቸው ብልሃት አላቸው። የክትክታን ቅጠል የነካ ሰው በእጁ ላይ የሚጣበቅና በፀሐይ የሚያብረቀርቅ ሙጫ ያገኛል፤ ይህ ሙጫ ቅጠሉን እንደ ቀለም ቅብ ሸፍኖ ትነቱን ይቀንሳል። የወይራን ቅጠል ገልብጠው ቢያዩት ከሥሩ ብርማ ነው፤ ያ ብርማ ሽፋን ቀዳዳዎቹን ከደረቅ ነፋስ ይጋርዳል። አጋምና ደደሆ ቅጠላቸው እንደ ቆዳ ወፍራምና ጠንካራ ነው። ጥንጁት ደግሞ በጸጉር የተሸፈነ፣ ግራጫ መልክ ያለው ቅጠል አለው።

ቅጠሉ ግን የነገሩ ግማሽ ብቻ ነው። ሌላው ግማሽ ከመሬት በታች ስለሆነ አይታይም። በዳገቱ ላይ ያለ ክትክታ ወይም ወይራ ሥሩን በድንጋይ ስንጥቅ መካከል እየሰደደ፣ የላይኛው አፈር ከደረቀ በኋላም እርጥበት ወዳለበት ጥልቀት ይደርሳል። ይህን ሥር ለመሥራት ዓመታት ወስዶበታል። ከችግኝ ጣቢያ የሚወጣ ችግኝ በአንጻሩ በፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ያደገ፣ ሥሩ ከአንድ ስንዝር ብዙም የማይበልጥ ሕፃን ነው። ስሙ ክትክታ ስለሆነ ብቻ ድርቅን አይቋቋምም። ድርቅን የሚቋቋመው ሥሩን ከሰደደ በኋላ ነው።

ይህን የተማርኩት በክፍል ውስጥ ሳይሆን በኪሳራ ነው። የኮሌጅ ዲፕሎማዬን በያዝኩበት ዓመት በወላጆቼ ግቢ 12 የክትክታና 6 የወይራ ችግኞች ተከልኩ። ጊዜው የነሐሴ መጨረሻ ነበር። የከረጢቶቹን አፍ ብቻ ቀድጄ ቀሪውን ፕላስቲክ ከነችግኙ ቀበርኩት። ዝናቡ ሲያቆም በየማታው ለእያንዳንዱ አንድ አንድ ጣሳ ውኃ አጠጣሁ። ጥር ሲገባ በሕይወት የቀሩት አራት ብቻ ነበሩ። የደረቁትን ነቅዬ ሳይ ሥራቸው በፕላስቲኩ ውስጥ እንደ ገመድ ተጠምጥሞ ነበር፤ ወደ ታች የወረደ አንድም አልነበረም። እናቴ የዱር እንጨት ጓሮ አይወድም ብላ ደመደመች። ብዙ ሰው የሚደርስበት ድምዳሜም ይኸው ነው። ጥፋቱ ግን የእንጨቱ አልነበረም፤ ዘግይቶ መትከል፣ ፕላስቲኩን አለማውጣትና በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ማጠጣት ናቸው የገደሏቸው።

ወደ አተካከሉ ከመግባታችን በፊት የትኛው ለየትኛው ቦታ እንደሚስማማ እንመልከት። መካነ ሰላም ከባሕር ጠለል በላይ ከ2 ሺህ 500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ከእርሷ ወደ ምዕራብ መሬቱ በወይና ደጋው በኩል እስከ አባይ ቆላ ይወርዳል፤ በቦረና ሳይንት ፓርክ በኩልና ወደ ለጋምቦ አቅጣጫ ደግሞ ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ይወጣል። በአንድ ወረዳ ውስጥ እንኳ አንድ ዓይነት ተክል ለሁሉም አይሆንም።

ለወይና ደጋውና ለደጋው መግቢያ ከሁሉም የሚቀድመው ክትክታ ነው። በደቡብ ወሎ ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነፃ በተደረጉ የተራቆቱ ተራሮች ላይ ቀድመው ከሚያገግሙት ቁጥቋጦዎች አንዱ እርሱ ነው። ስስና ድንጋያማ አፈርን አይንቅም። ከብትና ፍየል ቅጠሉን እምብዛም ስለማይወዱት ለአጥር ይመቻል። እንጨቱ ጠንካራ በመሆኑ ለቤት ማገርና ለእርሻ መሣሪያ እጀታ ይፈለጋል፤ ለማገዶም እንዲሁ። በእኛ ዘንድ እንደ ተራ የዱር ጭራሮ የሚታየው ይህ ተክል በአውስትራሊያ፣ በኒውዚላንድና በአሜሪካዋ ካሊፎርኒያ በገንዘብ እየተገዛ በደረቅና ፀሐያማ ግቢዎች ለአጥርና ለውበት ይተከላል። ቅጠሉ ወደ ወይን ጠጅ ቀለም የሚያደላ ዝርያም ተመርጦለታል። ከአውሮፓ ሄደው በአውስትራሊያ የሰፈሩት ሰዎች የክትክታን ፍሬ ለቢራ መጥመቂያ በጌሾ ፋንታ ይጠቀሙበት እንደነበር የሚነገረው ደግሞ የወሎን ጠላ ጠማቂ ሳያስገርም አይቀርም።

አጋም እሾሁ እንደ አጥር፣ ነጭ አበባው እንደ ሽቶ፣ ጥቁር ፍሬው ለልጆች እንደ ከረሜላ ነው። ሦስቱንም በአንድ የሚሰጥ የጓሮ ቁጥቋጦ ከውጭ ይምጣልን ቢባል የሚገኝ አይመስለኝም። ቢቆረጥ ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል፤ ስለዚህ በየጊዜው እየተከረከመ ጥቅጥቅ ያለ አጥር ሊሆን ይችላል። ለውርጭ ከሚጋለጥ ሜዳ ይልቅ ፀሐይ የሚመታውና ነፋስ የማይበረታበት ተዳፋት ይስማማዋል።

ወይራ በተፈጥሮው ዛፍ ቢሆንም ከልጅነቱ ጀምሮ ከተከረከመ ቁጥቋጦ ሆኖ ይኖራል። ለወተት ዕቃና ለጠላ ጋን ማጠኛ የሚሆነውን እንጨት ፍለጋ ወደ ጫካ የሚሄድ ቤተሰብ በጓሮው ሁለትና ሦስት ወይራ ቢኖረው ከክርክሚያው ብቻ በቂ ያገኛል። ፓኪስታን ውስጥ የእኛ ዓይነቱን የዱር ወይራ እንደ ግንድ ተጠቅመው ዘይት የሚሰጠውን የወይራ ዝርያ ያዳቅሉበታል፤ ይህ ለእኛ የምርምር ተቋማትም ሊታሰብበት የሚገባ ጉዳይ ነው። ጥንጁትም እንደ ወይራ ሁሉ ዕቃ ማጠኛ ነው፤ ቁመቱ ስለማይረዝም በከተማ ጠባብ ግቢ ከግንብ ሥር ፀሐይ በሚያርፍበት ቦታ ይሆናል፤ ሲያብብም ንብ አይለየውም።

ከእነዚህ ሁሉ ልዩ የሚያደርገው ጠባይ ያለው ቀረጥ ነው። ቅጠሉ ዓመቱን ሙሉ አይረግፍም፤ ቆዳ ለማልፋት የሚያገለግል መሆኑን አዛውንቶች ያውቁታል። ነገር ግን ቀረጥ ሥሩን ከጎረቤቱ ተክል ሥር ጋር አያይዞ ውኃና ምግብ የሚካፈል ተክል ነው። ስለዚህ ለብቻው በባዶ መሬት ቢተከል አይሆንለትም። ክትክታና አጋም ከጸደቁ በኋላ በመካከላቸው ቢገባ ግን የተሻለ ዕድል ይኖረዋል።

ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ባለው ውርጫማ ደጋ የሚኖሩ ነዋሪዎች ለክትክታና ለአጋም ባይደክሙ ይሻላል። ለዚያ አገር የተፈጠረው አስታ ነው። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ በሚኖሩበት በቦረና ሳይንት ፓርክ ከፍተኛ ክፍል አስታ ደን ሆኖ ይታያል። ይኸው ተክል በሜዲትራንያን ባሕር ዙሪያም ይበቅላል፤ በዚያ የሥሩ ጉጥ እየተጠረበ ዝነኛ የትምባሆ ፒፓ ይሠራበታል። ከአስታ ጋር ቀጋም አለ። ቀጋ በሐሩራማው አፍሪካ በተፈጥሮ የሚበቅል ብቸኛው የጽጌረዳ ዝርያ መሆኑን ስንቶቻችን እናውቃለን? ጽጌረዳ ከሩቅ እያስመጣን የምናጠጣ ሰዎች የራሳችንን ነጭ ጽጌረዳ ለፍየል አጥር ብቻ አድርገነዋል።

ከውጭ የገባ ሁሉ መጥፎ ነው ለማለት አይደለም። ትሪ ሉሰርን የሚባለው የመኖ ቁጥቋጦ ከካናሪ ደሴቶች የመጣ ቢሆንም በደጋው ጓሮ ራሱን አስመስክሯል። ቅጠሉ በፕሮቲን የበለጸገ ስለሆነ ሣር በጠፋበት ወቅት ለበግና ለላም ይደርሳል። ጠላቱ ድርቅ ሳይሆን ውኃ የሚተኛበት መሬት ነው፤ በመረሬ አፈር ላይ በክረምት ሥሩ ይበሰብሳል። ስለዚህ መረሬ ያለበት አርሶ አደር ከፍ ባለ መደብ ላይ ወይም በእርከን ጫፍ ቢተክለው ይመረጣል።

በአንጻሩ የወፍ ቆሎ ከጓሮ መራቅ አለበት። ድርቅን ይቋቋማል፤ አበባውም ያምራል፤ በአገራችን በብዙ ቦታ ለአጥር ውበት ተብሎ የገባውም ለዚህ ነው። ነገር ግን ወፎች ፍሬውን እየበሉ ዘሩን በግጦሽ መሬት ይበትኑታል፤ ቅጠሉን የበላ ከብትም ይታመማል። ቅንጭብም በድርቅ የሚበገር አይደለም፤ ሆኖም ወተቱ ዓይንን ክፉኛ ይጎዳልና ልጆች በሚጫወቱበት ግቢ ባይተከል መልካም ነው።

አሁን ወደ አተካከሉ እንመለስ። ቁልፉ ጊዜ ነው። ጉድጓዱ በግንቦት ወይም በሰኔ መጀመሪያ፣ ስፋቱም ጥልቀቱም ከ40 እስከ 50 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ይቆፈር። የላይኛው ለም አፈር ለብቻ፣ የታችኛው ለብቻ ይቀመጥ። ችግኙ የሚተከለው የክረምቱ ዝናብ መሬቱን አንድ ክንድ ያህል ካራሰ በኋላ፣ በአብዛኛው በሐምሌ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው። ያኔ የተተከለ ችግኝ ሁለት ወር ተኩል ያህል ሥሩን የሚሰድበት እርጥበት ያገኛል። በነሐሴ መጨረሻ የተተከለው ግን ገና ሳይቋቋም የጥቅምት ፀሐይ ትደርስበታለች። በሐምሌና በነሐሴ መካከል ያለው ልዩነት አንድ ወር ብቻ ይመስላል፤ ለችግኙ ግን የመሞትና የመዳን ልዩነት ነው።

ፕላስቲኩ ሙሉ በሙሉ ይወገድ። ከሥር የተጠመጠመ ሥር ካለ በስለት ይቆረጥ። ለም አፈሩ ቀድሞ ወደ ጉድጓዱ ይመለስ። በተዳፋት መሬት ላይ ከችግኙ በታች በኩል በግማሽ ጨረቃ ቅርጽ የአፈር ክትር ይሠራ፤ ከላይ የሚወርደው ጎርፍ እዚያ ቆሞ ይሰርጋል። በሜዳማና ውኃ በሚተኛበት ቦታ ግን ተቃራኒው ይደረግ፤ ችግኙ በጉብታ ላይ ይተከል። ለአጥር ከሆነ በሁለት መስመር፣ በችግኞቹ መካከል ግማሽ ሜትር ያህል እየተተወ፣ የአንዱ መስመር ችግኝ በሌላው ክፍተት ትይዩ ቢሆን አጥሩ ቶሎ ይገጥማል። ወይራ ከቤት መሠረት አራትና አምስት ሜትር ይራቅ።

ዝናቡ ሊያቆም ሲል፣ በመስከረም አጋማሽ፣ በችግኙ ዙሪያ ያለው አረም ተነቅሎ መሬቱ በድንጋይ ይሸፈን። ጭድና ገለባ ይሻላል የሚሉ አሉ፤ በእኛ አካባቢ ግን ጭድ የከብት ምግብ ነው፤ ምስጥም ይጠራል። ድንጋይ ደግሞ አይጎድለንም። ጠፍጣፋ ድንጋዮች ከግንዱ አራት ጣት ያህል ርቀው ቢደረደሩ የአፈሩን እርጥበት ከፀሐይ ይጠብቃሉ። በዳገቱ ላይ ያለው ክትክታ ከድንጋይ መካከል መብቀሉ በከንቱ አይደለም።

የመጀመሪያው በጋ ውኃ ይፈልጋል፤ ይህን መደበቅ አይገባም። ነገር ግን በየቀኑ አንድ ጣሳ ሳይሆን በየ15 ቀኑ 5 ሊትር በአንድ ጊዜ ይጠጣ። ጥቂት ውኃ የላይኛውን አፈር ብቻ ስለሚያረጥብ ሥሩ እዚያው ላይ ይቀራል፤ ብዙ ውኃ ወደ ታች ስለሚሰርግ ሥሩም ተከትሎት ይወርዳል። በዚህ ስሌት 20 ችግኝ ያለው ቤተሰብ በአንድ ዙር 100 ሊትር፣ ማለትም ባለ 20 ሊትር አምስት ጀሪካን ያስፈልገዋል። ከኅዳር እስከ ግንቦት ባሉት ሰባት ወራት 14 ዙር ቢያጠጣ 70 ጀሪካን ይሆናል። በየቀኑ አንድ ጀሪካን የሚወስድ የአበባ መደብ በዚያው ጊዜ ከ200 በላይ ይፈጃል፤ በሚቀጥለው ዓመትም እንዲሁ። ቁጥቋጦዎቹ ግን በሁለተኛው በጋ በየወሩ አንዴ ቢጠጡ ይበቃቸዋል፤ በሦስተኛው ደግሞ በደህና ከያዙ ምንም አይጠይቁም። ውኃ የምትቀዳው የቤቱ ሴት ልጅ በሆነችበት አካባቢ ይህ የጀሪካን ቁጥር ከአትክልተኝነት ያለፈ ትርጉም አለው። ልብስና እጅ የታጠበበት ውኃ ሳሙናው ያልበዛ ከሆነ ለዚህ ይውላል።

ስለ ውርጭ አንድ ነገር መታወስ ይኖርበታል። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ መከርከምም ሆነ ፍግ መጨመር አያስፈልግም። ሁለቱም ለጋ ቅርንጫፍ እንዲያወጣ ይገፋፉታል፤ ለጋውን ውርጭ ያቃጥለዋል። በእነዚህ ወራት ውኃ የሚጠጣው ማታ ሳይሆን ጠዋት ፀሐይ ከሞቀች በኋላ ነው። ክርከማው የክረምቱ ዝናብ ሊጀምር ሲል ይሁን፤ ክትክታ ከመሬት ተስተካክሎ ከሚቆረጥ ከጉልበት በላይ ቢቆረጥ የተሻለ ያቆጠቁጣል። የተቆረጠው ለማገዶ ይውላል። በየዓመቱ ከዳገቱ ላይ ክትክታና ወይራ እየተጨፈጨፈ የሚወርደው በአብዛኛው ለምድጃ መሆኑ ሲታሰብ በጓሮ የሚገኝ አንድ ሸክም ጭራሮ ቀላል ነገር አይደለም።

ትልቁ ችግር ችግኙ ከየት ይገኛል የሚለው ነው። የአረንጓዴ ዐሻራ መርሐ ግብር በ2011 ዓ.ም ከተጀመረ ወዲህ በየክረምቱ ብዙ ይተከላል። ነገር ግን በየችግኝ ጣቢያው በብዛት የሚፈላው ባሕር ዛፍ፣ ዲከረንስ፣ ግራቪሊያና ጽድ ነው፤ ወይራ አልፎ አልፎ ይገኛል፤ ክትክታና አጋም ግን የሚጠይቅ ስለሌለ አይፈሉም። ከዱር ነቅሎ ማምጣት መፍትሔ አይሆንም። ከፓርኩና ከንክኪ ነፃ ከሆኑ ተራሮች መንቀል ክልክል ነው፤ ባይከለከል እንኳ ከድንጋይ ስንጥቅ የተነቀለ ተክል ሥሩ ስለሚበጠስ አይጸድቅም። የሚያዋጣው ዘር መልቀም ነው።

የአጋም ፍሬ ሲጠቁር ተለቅሞ ሥጋው ታጥቦ ዘሩ ሳይውል ሳያድር ይዘራል፤ ከቆየ የመብቀል ኃይሉን ያጣል። የወይራ ዘር በጠንካራ ሽፋን ውስጥ ስለሆነ ፍሬውን ሳይጎዱ ሽፋኑን በጥንቃቄ ሰንጠቅ ማድረግ ይጠይቃል፤ በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ካሉት ትልልቅ ወይራዎች ሥር የሚገኘው፣ ወፍ በልቶ የጣለው ዘር ከዛፍ ከሚለቀመው ይልቅ ቶሎ ይበቅላል። ወይራ በመደብ ላይ እስከ አንድ ዓመት ሊቆይ ስለሚችል ትዕግሥት ያሻዋል።

ክትክታ ቀላሉ ነው። በአብዛኛው ወንዴውና ሴቴው ለየብቻ ስለሆኑ ዘር የሚለቀመው ክንፍ ያለው ቀላ ያለ ፍሬ ከታየበት ተክል ብቻ ነው። ፍሬው ደርቆ ቡናማ ሲሆን በእጅ ታሽቶ ክንፉ ይነፈሳል፤ ጥቁሩ ዘር ይቀራል። ለሚቀጥለው ሐምሌ ችግኝ እንዲደርስ መዝሪያው ታኅሣሥ ወይም ጥር ነው። በመዝሪያው ዋዜማ የፈላ ውኃ ከእሳት ላይ ይወርድና ዘሩ ይጨመርበታል፤ ውኃው እየቀዘቀዘ ያድራል፤ ጠንካራው ልባስ የሚከፈተው በዚህ ነው። እስከዚያ ድረስ ዘሩ በጨርቅ ተቋጥሮ የምድጃ ሙቀት በማይደርስበት ደረቅ ቦታ ይቀመጣል።